ቤት ያልመታው ጣውላ

አዋሽ ሰባት ኪሎ የምንኖረው ከድሮዎቹ የባቡር ሠራተኞች ቤቶች በአንዱ ነበር። ወለሉ ጣውላ ነው። ባቡሩ ሥራ ካቆመ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው የለም፤ ሙቀቱ አድርቆት እግር በነካው ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል። እኔ ደግሞ ግጥም የሚመጣልኝ ስንጎራደድ ነው። ሚስቴ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ተረኛ ሆና ካደረች ቀን ትተኛለች። ማለቴ ልትተኛ ትሞክራለች።

«ወይ ግጥሙን ተወው፣ ወይ ወለሉን አብጀው» ትለኛለች።

«ቅዳሜ አበጀዋለሁ» እላለሁ። ያ ቅዳሜ አልመጣም።

ሚስቴ ሰመራ ከተማ ለሥልጠና ስትጠራ፣ ግቢያችን ውስጥ የተከራየ የጅቡቲ መስመር ሹፌር በከባድ መኪናው አደረሳት። ሲመለስም ይዟት መጣ። ስትሄድ «እርስዎ» ትለው ነበር፤ ስትመለስ «አንተ» ሆኗል። መንገዱ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። ግን «እርስዎ» የወደቀው የት ላይ ነው? ገዋኔ ሻይ ሲጠጡ? መጠየቅ ያሳፍራል፤ አለመጠየቅ ያቃጥላል። 

በማግስቱ ሹፌሩ ካቻቪቴ፣ ረጃጅም ብሎኖችና የሕፃን ፓውደር ይዞ ደጃችን ላይ ቆመ።

«አንተ ገጣሚው! ይሄ ወለል እንቅልፍ ነሳት አይደል? መንገዱን ሙሉ የነገረችኝ ስለሱ ነው።»

ስለ ወለሉ ብቻ?

«ሚስማር አለኝ» አልኩት።

«የሚጮኸውማ ሚስማሩ ነው አቦ! ጣውላው ላልቶ ሚስማሩ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከሥሩ ካለው ተሸካሚ እንጨት፣ ከሞራሌው ጋር በብሎን ጥርቅም ነው የሚደረገው። ፓውደሩ ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ እንጨት ከእንጨት እንዳይፋተግ።»

ችግሩ የሚጮኸውን መለየት ነበር። አንዱን ረግጠህ ድምፁ ከሌላው ይወጣል።

«ለሱ ተወው» አለችው ሚስቴ ወደ እኔ እየጠቆመች። «ቤት ያልመታ ስንኝ ከመንገድ ማዶ ይሰማል።»

«ቤት ይመታል? እኔን እንዳይመታኝ!»

ተሳሳቁ። እኔ በሆዴ ተኝቼ ጆሮዬን ወለሉ ላይ አደረግኩ፤ እነሱ በአጠገቤ ጎን ለጎን ይራመዳሉ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው እግር ብቻ ነው፤ የሱ ነጠላ ጫማና የሽርጡ ጫፍ፣ የሷ ባዶ እግር። አረጋገጣቸው እኩል ነበር። ሳይለማመዱ እንዲህ አይረገጥም ብዬ አሰብኩ።

«እዚህ ጋ?» ትለኛለች።

«ወደ ግድግዳው።»

በጣቴ ሳሳይ ሹፌሩ ተንበርክኮ ያጠብቃል። ጣውላዎቹ አንድ በአንድ ዲዳ ሆኑ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ይህ ወለል ዝም ካለ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ማን ይነግረኛል?

የቀረው በሩ ሥር ያለው ጣውላ ነው። ሚስቴ ውሃ ልታመጣ ጓዳ ገብታለች። ሹፌሩ ቆመበት። ቀጭን ሲጥታ ጆሮዬ ውስጥ ገባች፤ የሱን ጆሮ ሞተር አደንቁሮታል።

«ይሄስ?»

«ደህና ነው» አልኩት።

ሲሄድ እስከ ደጅ ሸኘችው። ስትመለስ በሩ ሥር ያለውን ረገጠችና ቆመች። ደግማ ረገጠችው። አየችኝ።

«አንዱ ቤት አልመታም» አለች።

«ቅዳሜ አበጀዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ድብን ብላ ትተኛለች። ከሥራ ስትመጣ ያ ጣውላ ላይ በሁለት እግሯ ትቆማለች፣ እንድሰማ። ስትወጣ ግን ተሻግራው ነው የምትወጣው።