የእንቁጣጣሽ ሱሪ ለኩባ

ወንድሜን ኩባ ሲወስዱት እኔን "አንቺ ዕድሜሽ አልፏል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። አባታችን ሚሊሺያ ሆኖ ዘምቶ ኦጋዴን ቀርቷል፤ እናታችን ከዚያ በፊት ነው የሞተችው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ወንድሜ የጀግና ልጅ መሆኑን፣ የወዳጅ አገር ሕዝብ እንደራሱ ልጅ ሊያሳድገው መዘጋጀቱን፣ እዚያ ትምህርቱም ምግቡም ሙሉ መሆኑን አስረዳኝ። ምን ብዬ ልከራከር? ቤት ውስጥ የነበረው ሽሮ ነው፣ እሱም በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ። ወንድሜ እስከ አሰብ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በመርከብ ሄደ። እኔ ጉለሌ፣ የእንጦጦ ብርድ በበሩ ስር በሚገባበት ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ቀረሁ።

ብቻዬን መሆኔ የገባኝ ወጥ ስሠራ ነው። እጄ ለሁለት ሰው ለምዶ ለአንድ መቀነስ አቃተው። የተረፈውን ለጎረቤት እወስዳለሁ፤ እነሱም እንዳይከፋኝ ይቀበሉኛል። እሑድ እሑድ የምንሄድበት ጸሎት ቤት ታሽጎ ስለነበር እሑድም እንደ ሌላው ቀን ሆነብኝ። የሚያዝንልኝን ሰው አልወድም፤ ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ "ደህና ነኝ" እያልኩ ቶሎ እሄድ ነበር።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ሳሙና፣ ክብሪትና ላምባ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። የነሱ የመጨረሻ ልጅና ወንድሜ በአንድ ሳምንት ነው የተወለዱት። እናቴ ስትታመም እትዬ፣ ማለትም የልጁ እናት፣ ሁለቱንም አጥብተዋቸዋል። እናቴ ደግሞ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ለወንድሜ አዲስ ሱሪ ሳታሰፋ አታሳልፍም ነበር። እሷ ስትሞት ያንን ነገር እኔ ያዝኩት። ወንድሜ ከሄደ በኋላም አልተውኩትም። ልኩን ከየት ላምጣ? የእትዬን ልጅ እየጎተትኩ ቀጨኔ ወዳለው ልብስ ሰፊ ወሰድኩት። እኩያው አይደል? እሱ ሲያድግ ያም ያድጋል ብዬ ነው።

ልጁ ቆሞ መለካቱን ጠላው። በየዓመቱ ይለካል፤ በየዓመቱ ሱሪው የኔ ሳጥን ውስጥ ይገባል። አንዴ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቡ ላይ ሲያዞር "የሬሳ ሳጥን እንኳን ለራስ ነው የሚለካው" አለ። ቤት ገብተን ያለውን ስነግራቸው እትዬ "ወላሂ ይሄን ምላስህን በመቀስ ነው የምለካው" አሉት። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ ይለካ ጀመር።

የምልክበት ሰው አልነበረኝም፤ ሳጥኑ በሱሪ እየሞላ ሄደ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ጥቂት ዓመታትም ያለ ሥራ ቆይቼ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስቀጠር ግን እዚያ አንዲት የኩባ ዶክተር አገኘሁ። ከነጩ ጋዋን ስር ሁለት ሹራብ ትደርባለች። ክረምት ሲገባ ሦስት። መጀመሪያ ላይ ልወዳት አልቻልኩም። እሷን ልከው ወንድሜን የወሰዱ ይመስለኝ ነበር። በወዳጅነት በዓል ቀን ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰውዬ፣ ሁለቱ ሕዝቦች ውቅያኖስ ቢለያቸውም አንድ ቤተሰብ ናቸው እያለ ረጅም ንግግር ሲያደርግ፣ እኔ ለስላሳ እያደልኩ እሷን አያት ነበር። ከሁለቱ ባንዲራዎች ስር ቁጭ ብላ ትንቀጠቀጣለች። ሰውዬው አላያትም። ሻይ ወሰድኩላት። ወዳጅነታችን የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከእኔ ጋር ግማሽ በእንግሊዝኛ፣ ግማሽ በአማርኛ ታወራለች። እሷም ልጇን እናቷ ጋ ትታ ነው የመጣችው። ለዕረፍት አገሯ ልትሄድ ስትል ወንድሜና ሌሎቹ የእኛ ልጆች የሚማሩባት ትንሽ ደሴት ከነሱ ከተማ ሩቅ እንዳልሆነ ነገረችኝ። በማግስቱ በመጨረሻ ያሰፋሁትን ሱሪ ይዤላት ሄድኩ።

ዘርግታ አየችውና ስንት ዓመቱ ነው አለችኝ። ነገርኳት።

"ትንሽ ነው" አለች።

በእኩያው ነው ያስለካሁት፣ በአንድ ሳምንት ነው የተወለዱት አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ፤ ንዴት ይዞኝ ልጁን ራሱን ከሱቅ ጠርቼ አመጣሁት። ቁመት መለኪያው ላይ አቆመችው፤ ሚዛኑም ላይ አወጣችው። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ሸኘችው።

"እዚያ ያሉት ወተት ይጠጣሉ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

የእኛን ልጅ የሰደበችብኝ መሰለኝ። "ወንድሜን እኔ አውቀዋለሁ" አልኳት። ጠረጴዛዋ ላይ ከመርካቶ ለልጇ የገዛችው ጫማ ነበር። በነገር ልወጋት ብዬ "የልጅዎን እግር በምን ለኩት?" አልኳት።

"አልለካሁትም" አለች። "ሰፊ ገዛሁ። ትደርስበታለች።"

ሱሪውን ከጫማው ጎን ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

የሄደችበት ጊዜ ረዘመብኝ። ካርድ እያወጣሁ፣ ካርድ እየመለስኩ፣ በልቤ ሱሪውን አለብሰዋለሁ። ከጉልበቱ ትንሽ ቢሰፋው ደስታዬ ነው፤ ቢጠበው ግን... በቃ፣ ያንን ማሰብ አልፈልግም ነበር። እህቱ ልኩን ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው?

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተመለሰች። ሱሪውንም መለሰችው። ወንድሜ ሊለብሰው ሞክሮ ከጭኑ አላልፍ አለው፤ ጓደኞቹ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ ኋላ ግን በጥንቃቄ አጥፎ ለእኩያዬ ስጡልኝ አላት። አማርኛ አልጠፋበትም ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"ከእኔ ጋር በስፓኒሽ ነው ያወራው። በጣም ጥሩ ይናገራል" አለችኝ። ደስ ይበልሽ ብላ ነው።

መቼ እንደሚመጣ ጠየቅኳት። ምህንድስና ሊቀጥል ነው፣ ገና ብዙ ዓመት አለው አለች። ከዚያ ከጋዋኗ ኪስ አንድ ጥቅል ፋሻ አውጥታ ሰጠችኝ። ሜትር ስላልነበራት ግድግዳ አስደግፋ በቁስል ማሰሪያ ፋሻ ነው የለካችው። ቁመቱ ላይ ቆርጣዋለች። ወገቡ ጋ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋለች። የወገቡን ዙሪያ ደግሞ ለብቻው ቆርጣ አብራ ጠቅልላዋለች።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የፋሻውን አንድ ጫፍ በእግሬ ረግጬ ሌላውን ወደ ላይ ሳብኩት። ደረቴን አለፈ፤ አገጬን አለፈ፤ ከራሴ በላይ ሄደ። ወንድሜ ሲሄድ እቅፌ ውስጥ ይገባ ነበር። የመድኃኒት ሽታ እንጂ የሱ ሽታ የለውም። እንደዚያው ይዤው ብዙ ቆምኩ።

ኋላ እትዬ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ራሱን ለካበት፤ ፋሻው በለጠው። የለመደው ቀልድ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። እትዬ ግን ፋሻውን ተቀብለው እየዳሰሱ "የኔን ጡት ጠብቶ ነዋ!" አሉ፤ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሱሪውን ለልጃቸው ሰጠሁት። ልክክ አለለት። ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት ለሱም አይሆኑም፤ ሁሉም አጥረዋል።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ቀጨኔ ወረድኩ። ልብስ ሰፊው ሲያየኝ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ልጁን ከኋላዬ ፈለገው። ፋሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሲፈታው ከጠረጴዛው ወርዶ መሬት ነካ።

"ይሄ የማን ነው?" አለኝ።

"የወንድሜ።"

ቁመቱን በዓይኑ ደጋግሞ ለካው። "በፋሻ ሱሪ አይሰፋም፣ ልጄ። ሰውዬውን ይዘሽው ነይ እንጂ።"

"ሰውዬውን" አለ። እኔ ልጅ ነበር የሸኘሁት።

"ያለኝ ይኸው ነው" አልኩት። "በዚሁ ይስፉት። ትንሽ ሰፋ ያድርጉት።"