የጉድጓድ ዳር ገብስ

ውብነሽ ከአርብ ገበያ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬቷን በእኩል እያሳረሰች እሷ ዶሮ ታረባ ነበር። የውብነሽ እንቁላል ከተባለ ገበያተኛ አያገላብጥም፤ ጫጩት የፈለገም ደጇን ይጠና ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ዶሮዎቿ ማለቅ ጀመሩ። ክንፋቸው ወረደ፤ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገረጣ፤ እንቁላል ነጠፈ። እሾህ የጫረው ቁስል አይሽርም፤ ብርድ የነካት ቄብ ውላ አታድርም።

ጭቃ ሹሙ አቶ ጓዴ አንገታቸውን በአጥር አስግገው አዩና ጮኹ።

“ፈንግል ነው! ሳይዛመት አርደሽ ቅበሪ!”

“በፍልሰታ? ማን ይበላቸዋል?”

“ቅበሪ አልኩ እንጂ ብዪ አልኩ? ለእንቁጣጣሽ የያዝነውን ሁሉ ልታስጨርሺን ነው?”

“እስከ ጾም ፍቺ ይታገሡኝ፣ ጌታዬ።”

“እስከ ጾም ፍቺ! ከዚያ እኔው ራሴ መጥቼ አርዳቸዋለሁ!”

ውብነሽ ጠበል ረጨች። ፌጦ ደቁሳ አጠጣች። ወይ ፍንክች!

አንድ ማለዳ ከአልጋዋ ሥር እንቁላል የታቀፈችውን ገብስማ ዶሮ ልትመግብ ጎንበስ ስትል፣ ዶሮዋ እጇን ነቆረቻት። ቁጡ፣ አናቷ ደም የመሰለ፣ ጤነኛ! ውብነሽ ክው ብላ ቀረች። የታመሙት እዚያው አጠገቧ ካለው ቆጥ ላይ ያድራሉ፤ የሚጠጡትም ከአንድ ገበቴ ነው። ፈንግል ደግሞ ቤት ከገባ ለታቀፈች አያዝንም። ታዲያ ይቺ በምን ተለየች?

በእህሏ! የታቀፈች ዶሮ ከእንቁላሏ ርቃ እንዳትቀር ለሰው ከተቀመጠው ገብስ ይቆነጠርላታል። ለሌሎቹ የሚበተነው ግን የጉድጓድ ዳር ነበር። የእህል ጉድጓድ ሐምሌ ላይ ሲከፈት፣ ግድግዳውን የተጠጋው እህል እርጥበት ጠጥቶ፣ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ፣ ጓጉሎ ይወጣል። ሰው አይበላውም፤ “ለዶሮ ይሁን” ይባላል። የአገሩ ሴት ሁሉ እንዲሁ ነው የምታደርገው። ውብነሽማ አጥባ፣ ብቅ ባለች ፀሐይ ሁሉ አስጥታ ነበር የሰጠቻቸው፤ ሽታው ሲጠፋ የጠራ መስሏት!

“ሻጋታው ቢታጠብም መርዙ ከፍሬው ውስጥ አለ!” አለች ብቻዋን እየጮኸች። ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት በረረች።

“አውራ ዶሮዎን ያውሱኝ!”

“አበድሽ?”

“ከታመሙት ጋር ላሳድረው። እኔ የምበላውን ገብስ ይበላል፤ እነሱም እንዲሁ። እሱ ከታመመ ፈንግል ነው፤ ሁሉንም አርደው ይቅበሩ። ካልታመመ ግን ይተዉልኝ።”

“የእኔን አውራ? በአገር የሌለውን?”

ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ ከጓዳ ሳቁ። “ውሰጂው እባክሽ! እሱና ባሌ ተራ በተራ እየጮሁ እንቅልፍ ነሥተውኛል!”

ውብነሽ የጉድጓድ ዳሩን ከቅጥሩ ጥግ ቀበረችው። የራሷን ገብስ ለዶሮዎቹ ለቀቀችና እሷ በሽምብራ ዋለች። በጣም የደከሙት ሞቱባት። የቀሩት ግን ቀስ በቀስ መጫር ጀመሩ፤ ቁስላቸው ደረቀ፤ አናታቸው ቀላ።

ፍልሰታ በተፈታ ማለዳ አቶ ጓዴ ቢላ ይዘው ከተፍ አሉ። ገና በሩን ሲያልፉ ላባ ፊታቸው ላይ በነነ። አውራ ዶሯቸው ሰሞኑን ክንፉን ይጎትት ከነበረው ከውብነሽ ቀይ አውራ ጋር ተያይዟል!

“ኧረ ገላግዪ! ሊገለው ነው!”

“የትኛው፣ ጌታዬ? በሽተኛው?” ውብነሽ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

አቶ ጓዴ ከአንዱ ወደ ሌላው አዩ። ቢላውን ወደ አፎቱ መለሱት። “ይኑሩ! ይኑሩልሽ!” አሉና ሊወጡ ሲሉ ድርቅ ብለው ቆሙ። “ታዲያ ምንድን ነው ያሳመማቸው?”

“የጉድጓድ ዳር ገብስ።”

“እኛም እኮ ትናንት ጉድጓድ አስከፈትን!”

አውራ ዶሯቸውን ረስተው፣ ኩታቸውን ሰብስበው ዳገቱን ተያያዙት። “አስካለ! አንቺ አስካለ! እንዳትበትኚ!”