የቅቤ ውድድርና የእኔ አናት

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ሶዶ ውስጥ በአንድ የቡና ንግድ ኩባንያ የግዥ ሠራተኛ ነበርኩ። ለሠራተኞች ምሳ ቅቤ የሚያቀርበው ነጋዴ በውድድር ይመረጥ ነበር፤ ቀማሹም ዳኛውም እኔ። አለቃችን «ከአቅራቢ ውሃ እንኳ የጠጣ፣ ያን ዕለት ይሰናበታል» ብሎናል። ጠላውን፣ ማሩን፣ ሙክቱን አንድ በአንድ ጠርቶ ከለከለ። ስለ ራስ ቅቤ ግን ትንፍሽ አላለም።

በውድድሩ ማለዳ አንድ የጉኑኖ ቅቤ ነጋዴ፣ ሽበታም ሽማግሌ፣ ደጄ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ለሰላምታ ጎንበስ ስል በእጃቸው የያዙትን ቅቤ አናቴ ላይ ለጠፉት።

«እደግ ልጄ፣ ምርቃት ነው።»

ሽማግሌ እየመረቀ ራስ ቀና አይደረግም። ጎንበስ እንዳልኩ የሦስት ላም የክረምት ወተት ተከመረብኝ።

ቢሮ ስደርስ ፀሐይዋ በረታች። ቅቤው ግንባሬን አልፎ፣ አንገቴን አልፎ ወረደ፤ ትንሽ ቢተዉት አባያ ሐይቅ ይገባ ነበር። ከኦቶና እስከ ገበያው ያለ ዝንብ በሙሉ ተከትሎኛል። ለውድድሩ ከቢጠና የመጡ አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው አሸተቱኝ።

«ዳኛው ተቀብቷል» አሉ። «ውድድሩ እኩል ከሆነ እኔም ልቀባው እንጂ።» ቅቤያቸውን ዘግነው መጡ።

በዚህ መሀል አለቃው ብቅ አለ። እንጀራዬ ከቅቤው ጋር ሲቀልጥ ታየኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምርቃት ነው ጌታዬ፤ ሳልጠይቅ የመጣ።»

«እየመረቁት ቢሸሽ ነውር ነው፤ እንጀራውን አትንኩበት» አሉ ባልቴቷ። «ዳኝነቱን ግን ይልቀቅ።»

አለቃው ሳቁን በመሐረብ ሸፍኖ በዚሁ ተስማማ። ቅቤው የማን እንደሆነ ሳይነገር በኮባ ቅጠል ቀረበና በላተኞቹ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው፣ ቀመሱት። አንደኛ የወጣው የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሽማግሌው።

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«አባባ፣ ዳኛ ባይቀቡ ኖሮ ዛሬ የእርስዎ ነበር» አለ አለቃው። ሥራው ሁለተኛ ለወጡት ለባልቴቷ ተሰጠ።

በተከታዩ ውድድር ሽማግሌው ቅቤያቸውን አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ቡልኳቸው ውስጥ ደብቀው፣ ከሩቅ በአንገታቸው ብቻ ሰላም አሉኝ። ያን ቀን አሸነፉ።