የኔታ ዝም ያሉባቸው ቦታዎች

ረቡዕ ጠዋት ከደብረ ታቦር ስነሳ የያዝኩት አንድ የጀርባ ቦርሳ፣ ወፍራም ጋቢና እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ስልኬን ነበር። ስልኩ ገና አዲሴ ነው። ፎቶ ቤት አለኝ፤ ሰርግና ክርስትና እቀርጻለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ የአካባቢያችንን መንገድና ገበያ የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች እየሠራሁ ኢንተርኔት ላይ እለቃለሁ። ባለቤቴ ጌታቸው ስልኩን ከፍቼ በዘጋሁ ቁጥር «እሱ ነገር መሀሉ ላይ የተሰበረ ቀን እኔን እንዳትጠሪኝ» ይለኛል።

የመንገዴ ምክንያት አባቴ ናቸው። አባቴ መሪጌታ አስረስ በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ይኖራሉ። ክረምት ላይ ጭቃ አንሸራቷቸው ዳሌያቸውን ከተጎዱ ወዲህ ከቤት መውጣት ትተዋል። ሐኪሙ «አጥንትዎ ደኅና ነው፣ ቀስ እያሉ ይራመዱ» ብሏቸው ነበር፤ እሳቸው ግን መደባቸው ላይ መቀመጥን መረጡ። ለኅዳር ጽዮን እንኳ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። ስደውልላቸው ስለ ራሳቸው አያወሩም፤ የሚጠይቁት ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በልጅነታቸው በድጓ ዜማ ትምህርት ቤቷ በታወቀችው በቤተ ልሔም አብረዋቸው ስለተማሩት ስለ የኔታ ልሳነ ወርቅ።

የኔታ ዛሬም እዚያው ቤተ ልሔም ያስተምራሉ። ያላቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ኔትወርኩም ሰላምታ ሳያስጨርስ ይቆረጣል። «ፊቱን ባየሁት፣ እስመ ለዓለሙን ሲል በሰማሁት» አሉኝ አባቴ አንድ ቀን። እስመ ለዓለም ከበዓል ዜማዎች አንዱ ነው። ያን ጊዜ ዙሪያውን ለመሄድ ወሰንኩ፤ በንፋስ መውጫ ወደ ቤተ ልሔም፣ ከዚያ አርብ ገበያ፣ ከዚያ ስማዳ፣ በመጨረሻ እስቴ። የኔታን ቀርጬ ለአባቴ አሳያለሁ ብዬ።

ንፋስ መውጫ

ሚኒባሱ የክምር ድንጋይን ከተማ አልፎ ሲወጣ የጉና ተራራ በስተቀኝ ደመናውን ለብሶ ተቀምጧል። ከጎኔ የተቀመጠው ጎልማሳ የስንዴ ዘር ጆንያ እግሩ ሥር አድርጎ ያንቀላፋል። መስኮቱን ትንሽ ከፍቼ ልቀርጽ ስል ብርዱ ቀሰቀሰው። «ዝጊው እህቴ፣ ጉና የትም አይሄድ» አለኝና ተመልሶ ተኛ።

ንፋስ መውጫ ስንደርስ ስሙን ያወጣለት ሰው ምንም እንዳልጨመረ ገባኝ። ነፋሱ ከመነኸሪያው አቧራውን አንስቶ በባጃጆቹ መካከል ያሽከረክረዋል። የሚታጠፍ ስልክ ደግሞ ጠላቱ አቧራ ነው፤ ማጠፊያው ውስጥ ከገባ አለቀ። ስለዚህ የዚያን ቀን ሥራዬ ስልኩን በነጠላዬ ጠቅልዬ መያዝ ሆነ። ምሳዬን በገብስ እንጀራ ሽሮና ስልጆ በላሁ። ጾመ ነቢያት ስለሆነ የምግብ ቤቱ ዝርዝር አጭር ነበር፤ ሽሮው ግን ሁለተኛ አስጠየቀኝ።

ሐሙስ፣ ወደ ቤተ ልሔም

በማግስቱ መኪና እስከሚያደርሰኝ ድረስ ሄጄ ከዋናው መንገድ ወረድኩና በእግር ቀጠልኩ። ወሩ የውቂያ ነው፤ በየማሳው ዳር በሬዎች አውድማ ላይ እየዞሩ ገብስ ያበራያሉ። አንዱ ዘንድ ቆምኩና ፈቃድ ጠይቄ ስልኩን ግማሽ ድረስ አጥፌ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ይሄ ነው የምወድለት ነገር፤ እግር ሳልገጥምለት ራሱ ይቆማል፤ ከመሬት ተጠግቶ የበሬዎቹን ሰኮናና የሚፈናጠረውን ገብስ ያነሳል።

የአውድማው ባለቤት መንሹን ተደግፎ አየኝ። «አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ ቆመሻል፤ ታዲያ ማነው የሚያነሳው?»

«እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ያነሳል።»

«እኛ ዘንድ ቁጭ ብሎ ለሚያይ መንሽ ነው የምንሰጠው» አለና እውነትም መንሹን ሰጠኝ። ሁለት ሦስቴ ገብሱን ወደ ላይ በተንኩ። አወራወሬ ስላላማረ ይሁን ነፋሱ ዞሮ፣ ገለባው እንዳለ ሄዶ ስልኬ ላይ ዐረፈ። ልዘጋው ስል ማጠፊያው ቅርር አለ። ለሙሽሮች ፊት የምይዘውን ለስላሳ ብሩሽ ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ ጥግ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ ጠረግኩት። ሰውየው አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ እየተመለከተ «ጥጃ ተወልዶም እንዲህ አይጠረግ» አለኝ። ደግነቱ ስልኩ ሲከፈት ደኅና ነበር።

የኔታን ያገኘኋቸው ቤታቸው ደጃፍ፣ ወይራ ሥር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥምጥማቸው የጸዳ ሽማግሌ ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ።

«የአስረስ ግንባር ነው» አሉ። «እንዴት ሰነበተ?»

«ደኅና ናቸው የኔታ። ሰላም ብለዎታል» አልኩ፤ ስለ ዳሌያቸው ለመናገር አልደፈርኩም። ባለቤታቸው እማማ የሺ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ። ስበላ የስልኩን ካሜራ ከፍቼ፣ አጥፌ የድንጋይ አጥሩ ላይ አቆምኩትና የመጣሁበትን ጉዳይ ተናገርኩ። የኔታ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ይቅርብኝ» አሉ። «ድምፄ እዚያ ዕቃ ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ቤት እንደሚጮህ በምን አውቃለሁ? የአንድ አባት ዜማ መጠጥ ቤት ውስጥ ከፍተውት ሰማን ብለው ነግረውኛል።» ይህን ሲሉ መዳፋቸውን ወደ ፊት አነሱ፤ እንደ መከልከል።

ችግሩ ስልኬ የተነሳ መዳፍ ሲያይ ቅረጽ የተባለ ይመስለዋል። ብቻዬን ስሠራ እንዲያግዘኝ እንደዚያ አድርጌ ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለ፤ በውጭ በኩል ያለው ትንሹ ማያ ገጽ ላይም የኔታ እጃቸውን እንዳነሱ ብቅ አሉ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉ ጠጋ ብለው።

«እርስዎ ነዎት የኔታ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እጅ ሲነሳ ጀምር የተባለ ይመስለዋል።»

«እኔ ተው ስለው፣ እሱ ጀምር ሰማ?»

እማማ የሺ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እስኪንቀጠቀጡ ሳቁ። እኔ ግን አፍሬ ስልኩን አንስቼ ከፊታቸው ከፈትኩት፤ የተቀረጸውን አሳየኋቸውና አጠፋሁት። የጠፋው ነገር ለጊዜው የሚጣልበት ቦታ እንዳለም ነግሬ ከዚያም አጠፋሁት።

«አሁን የለም?»

«የለም የኔታ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ደግሞ ስለ አስረስ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። እንዴት እንዳወቁብኝ እንጃ። ስለ ዳሌያቸው፣ ከቤት ስላለመውጣታቸው፣ ለጽዮን እንኳ እንደቀሩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ቤቱ ሆኖስ ዜማ ይላል?»

«አይሉም።»

«ጭራሽ?»

«ከወደቁ ወዲህ ሰምቻቸው አላውቅም።»

የኔታ ተነስተው ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ነጭ ሸማቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ነበር። «ለእሱ ብቻ» አሉኝ። «ለሌላ ሰው ዓይንም ጆሮም እንዳይሆን።» ቃል ገባሁ። ስልኩን መልሼ አጥሩ ላይ አቆምኩ። በውጭው ማያ ራሳቸውን አይተው ጥምጥማቸውን ትንሽ ቀና አደረጉና ጀመሩ።

ከዚያ ሽማግሌ ደረት ያ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም። ግን ጥቂት ብለው ቆሙ። መሬት መሬት እያዩ መቋሚያቸውን በቀስታ ይነቀንቃሉ፤ ዝም። ከዚያ ቀጠሉ። ደግሞ ቆሙ። ረስተውት መሰለኝ፤ ለአባቴ የማሳያቸው የደከመ ጓደኛ ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ። ጨርሰው ሲቀመጡ ግን ምንም ያፈሩ አይመስሉም። «አደራ፣ እንዳለ አድርሺለት» አሉኝ።

አርብ ገበያ

ዓርብ የገበያው ቀን ስለሆነ መንገዱ በአህያና በሰው ሞልቶ ነበር። ገበያው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ፊት ቁጢጥ ብዬ ስልኩን አቆምኩ። ራሷን በትንሹ ማያ ስታይ ሻሿን አስተካከለች፤ ጎረቤቷም መጥታ አጠገቧ ገባች፤ ከዚያ ሌላዋ። ወዲያው ስልኩ ፊት ሰልፍ ተያዘ፤ አንዱ ኮፍያውን ያወልቃል፣ አንዷ ጥርሷን ታያለች። ባለ ሽንኩርቷ በመጨረሻ ተቆጣች። «እስቲ ዞር በሉለት። አንቺም እኔን ተይና ሽንኩርቱን አሳዪ፤ እኔ አልሸጥ።» ከደረደረችው ሽንኩርት አንዱን መደብ በሠላሳ ብር ገዝቼ ታረቅን።

ወገዳ

ከሰዓት በኋላ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ አግኝቼ ስማዳ ገባሁ። መንገዱ ገደል ገደሉን እየታከከ ይሄዳል። ከሥር የወንዙ ሸለቆ አፉን ከፍቶ ይታያል፤ ተሳፋሪው ግን ስለ ማሽላ ዋጋ ይከራከራል። የስማዳ ከተማ ወገዳ ላይ አልጋ ያዝኩና ከመጨለሙ በፊት ስልኩን ዘርግቼ ጠረጴዛ ላይ ሥራ ጀመርኩ። የውስጡ ሰፊ ማያ ለዚህ ነው የሚመቸው፤ ከላይ ምስሉ፣ ከታች መቁረጫው።

የየኔታን ቪዲዮ በጆሮ ማዳመጫ ብቻዬን አየሁት። ዝምታዎቹ ከመጀመሪያው ይልቅ ረጅም ሆነው ታዩኝ። ሰርግ ስቀርጽ እንዲህ ያለውን ክፍት ቦታ ሳልቆርጥ ለባለቤቱ አስረክቤ አላውቅም። አንድ በአንድ ቆረጥኳቸው፤ ጫፍና ጫፉን ገጠምኩ። አሁን የኔታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ጎልማሳ ያለማቋረጥ ያዜማሉ። ጥሩ አድርጌ እንደሠራሁ ተሰማኝ። የስልኬ ማስቀመጫ ሞልቶ ስለነበር ዋናውን ቅጂ ላጥፋው ብዬ ጣቴን አነሳሁ። ያኔ ባትሪው አለቀና ስልኩ ጠፋ። ከተማው ውስጥ መብራት አልነበረም። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሻማ ይዛልኝ መጣችና «ነገም ይመጣል አልልሽም» አለችኝ። ተናድጄ ተኛሁ።

እስቴ

ቅዳሜ መካነ ኢየሱስ ስደርስ አባቴ ግድግዳ ተደግፈው መደባቸው ላይ ነበሩ። ከስተዋል። ስልኩን ቻርጅ አድርጌ ከፈትኩና የቆረጥኩትን ቪዲዮ አሳየኋቸው። የጓደኛቸው ፊት ሲመጣ እጃቸውን ወደ ማያው ሰደዱ። «ሸብቷል» አሉ። ዜማው ሲጀምር ግን ግንባራቸው ተቋጠረ፤ እየቆየ ፊታቸውን አዞሩ።

«ምነው አባባ?»

«ልሳነ ወርቅ እንዲህ አይልም። እየሮጠ ነው። የኔን ወዴት አደረገው?»

«የእርስዎን ምን?»

«የኔን ቦታ ነዋ። እሱ በግራ ይመራል፣ እኔ በቀኝ እቀበላለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ ብቻውን ጨርሶት አያውቅም።»

ፊቴ ጋለ። ያልጠፋውን ዋናውን ቅጂ ፈልጌ ከፈትኩ። የኔታ የመጀመሪያውን ብለው ዝም አሉ፤ መቋሚያቸውን እየነቀነቁ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ተቀበሉ።

ድምፃቸው ተሰነጣጠቀ፤ ግን ቦታውን ሞላው። እንደጨረሱ የኔታ፣ አጠገባቸው ያሉ ይመስል፣ ቀጠሉ። ሁለተኛው ላይ አባቴ ከግድግዳው ተላቀው ቀና አሉ። ሦስተኛው ላይ አንድ ቦታ ጠፍቷቸው ሲያስቡ የኔታ ቀደሟቸው። «ቆይ፣ አላስጨርስ አለኝ፤ መልሺው» አሉ እየሳቁ። መለስኩት። እናቴ ሊጥ የነካ እጇን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «አምላኬ፣ ድምፁን ረስቼው ነበር» አለችኝ በጆሮዬ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት አባቴ ያዘዙኝን ነው። ስልኩን አጥፌ ሳጥን ላይ አቆምኩ፤ አባቴ ሸማቸውንና መቋሚያቸውን አስመጡ። ለየኔታ የሚላከውን እሳቸው መሩ፤ ለጓደኛቸውም ቦታ እየተዉ ዝም አሉ። በዝምታው ውስጥ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታሉ፤ ከቤተ ልሔም የሚመጣውን ይሰማሉ። እኔም አብሬ ለመስማት ሞከርኩ።

ደብረ ታቦር

እሑድ ከሰዓት ቤቴ ገባሁ። ጌታቸው መጀመሪያ ያየው የስልኩን ማጠፊያ ነው። «ደኅና ተመለሰ?» አለ። የገበያውንና የአውድማውን ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩ፤ ሰዎች ባለ ሽንኩርቷን በጣም ወደዷት። የሁለቱን ሽማግሌዎች ግን አልለቀቅኩም፤ አልለቅምም። ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ የተሠራውም ለሁለት ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ መንገድ የተማርኩትን ቢጠይቁኝ ስለ ሥራዬ አንድ ነገር እላለሁ። እስካሁን ቪዲዮ የምቆርጠው የማያውቀኝ ሰው ሰልችቶት እንዳያልፈው ብዬ ነበር። አሁን ከመቁረጤ በፊት ያ ክፍት ቦታ የማን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ፎቶ ቤቴን ገና ስከፍት ስልኬ ጮኸ። አባቴ ናቸው።

«ያን የቀረጽሽውን ልከሽዋል?»

«ገና ነው አባባ። ወደ ቤተ ልሔም የሚሄድ ሰው እየፈለግኩ ነው።»

«አትላኪው። መጨረሻው ላይ ድምፄ ወርዷል፤ ይስቅብኛል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መጥተሽ እንደገና ቅረጪኝ። እስከዚያ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ እለማመዳለሁ። ዛሬ እስከ ቅጥሩ ደርሼ ተመለስኩ።»

የጉርድ ፎቶ ሊነሳ የተቀመጠ አንድ ደንበኛ «መልካም ዜና ነው?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩና ስልኩን መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ፤ እሱም ሳያጣድፈኝ ጠበቀኝ።