መስኮት ሦስትን ማን ነካው

በአውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ «ቆይ እስቲ» ይለዋል፤ ምን ቢነግሩት መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ይኸው ስለሆነ። ሻይ ልጋብዝህ ሲሉት «ቆይ እስቲ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?» ይላል። ሚስቱ አንድ ቀን «አምሮብሃል» ብትለው ኪሱን ፈተሸ እያሉ ያሙታል። ሐሜቱ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነው። ከትኬት አዳራሹ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የድርጅቱን ሰርቨር፣ ማለትም ዋናውን ኮምፒውተር፣ ከጠበቀ ሃያ አራት ዓመት አለፈው። ማሽኑ ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው የሚሠራው፤ ከታች ያሉት አምስት የትኬት መስኮቶች በሙሉ ትንፋሻቸው ከእሱ ነው። ቆይ እስቲ ወጣ ሲል በበሩ ማጠፊያ ላይ ብጣሽ ወረቀት ሰክቶ ይሄዳል። ሲመለስ ወረቀቷ ወድቃ ካገኛት የዚያን ቀን ማንም አይቀርበውም። ከመቶ ጊዜ ዘጠና ዘጠኙን የጣላት ነፋስ ነው።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ወጣት ሳለ አብሮት የሚሠራ፣ ምሳ ከአንድ ሳህን የሚበላ ጓደኛ ነበረው። ያ ሰው በእሱ የይለፍ ቃል ገብቶ የሃምሳ ተሳፋሪ መቀመጫ ሰረዘና ቦታውን ለራሱ ሰዎች ሰጠ። ተሳፋሪው ጠዋት ሻንጣውን ተሸክሞ ሲመጣ ወንበር የለም። ጥፋቱ የተገኘው በማን ስም ነው? በቆይ እስቲ። አንዲት ገጽ ደብዳቤ ተጻፈችና ሦስት ወር ከሥራ ታገደ። ኋላ ነፃ መሆኑ ቢታወቅም እነዚያን ሦስት ወራት ማን ይመልስለታል? ከዚያ ወዲህ ሰው አላመነም።

እንግዲህ ሰው ሁሉ «ኦፕሬተሯ» የሚላት ረዳቱ የተመደበችው እንዲህ ባለ ሰው ሥር ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት የድርጅቱን ስልክ ስታገናኝ የኖረች፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። የስልክ ማዞሪያው ሲዘጋ ኮርስ ወሰደችና የእሱ ረዳት እንድትሆን ለሦስት ወር ሙከራ ላኳት። ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች፤ ከዚህ ከወጣች የምትመለስበት ወንበር የለም። ሥራ አስኪያጁም ነገሩን አላወሳሰበውም፤ ቆይ እስቲ ትቆይ ካለ ትቆያለች፣ አትበጅም ካለ ትሄዳለች። ሙከራው የሚያልቀውና ውሳኔው የሚሰጠው በዚህ ሳምንት ዓርብ ነው።

ገና ስትገባ «ይህቺ የተላከችው እኔን ልታስለቅቅ ነው» ብሎ ደመደመ። ሥራውን አሳያት እንጂ ዋናውን ቁልፍ፣ ማለትም የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል፣ አላስነካትም። ከአንድ ወር በፊት ደግሞ ጥርጣሬውን የሚያፀና ነገር ተናገረች።

«ጋሼ፣ የመዝገቡ ክፍል ሰባ በመቶ ሞልቷል። ብናሰፋው አይሻልም?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰርቨሩን ማከማቻ፣ ዲስኩን፣ እንደ ቤት በክፍል በክፍል የከፈለው ራሱ ነው። ሰፊውን ለትኬቱ፣ መካከለኛውን ለማሽኑ ፕሮግራሞች፣ ጠባቧን ደግሞ ማሽኑ የዕለት ውሎውን ለሚመዘግብበት ሰጥቷል። የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሞላ ማየት ለማንም አይከለከልም፤ ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱ ግን የሰማው ሌላ ነው፤ ይህቺ ሴት የእኔን ዲስክ ምን ልታደርግ ትለካዋለች? «ቆይ እስቲ» አላትና የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ፣ የምትጫነውን እያንዳንዷን ፊደል፣ የምትከፍተውን እያንዳንዱን ፋይል፣ ማያዋ ላይ የሚመጣውን ሁሉ በድብቅ የሚጽፍ ሰላይ ፕሮግራም ሠራላት። ጽሑፉም በመዝገቡ ክፍል እንዲቀመጥ አደረገ። የዚያን ቀን ቤቱ የገባው እያፏጨ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት መስኮት ሦስት ከኔትወርክ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ መስኮት አንድ ተከተለ፣ ከዚያ አምስት። ወረፋው እስከ በሩ ደረሰ፤ ውጭ ሾፌሮች ጡሩምባ ያሰማሉ። ቆይ እስቲ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። ኬብል ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ኬብሎቹ የሚገናኙበትን የስዊቹን መብራቶች አየ፤ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። መስኮት ሦስትን ከፍቶ ሲመረምር ማሽኑ የኔትወርክ አድራሻ የለውም፤ ሲበራ ከሰርቨሩ የሚቀበለውን መለያ ቁጥር ለምኖ የሚሰጠው አጥቷል።

ሌላ ባለሙያ ቢሆን እዚህ ላይ ወደ ሰርቨሩ ይሮጥ ነበር። እሱ ግን ትኬት ቆራጯን «ማን ነካው?» አላት።

ኦፕሬተሯ ናት አለችው። ጠዋት አጥፍታ አቧራውን ጠርጋ መልሳ አብርታው ነበር። መስኮት አንድም እንዲሁ፣ አምስትም እንዲሁ። ሁለትና አራት፣ እሷ ገና ያልደረሰችባቸው፣ ያለ ችግር ይሠራሉ። የነካችው ሁሉ ሞቷል፣ ያልነካችው ሁሉ በሕይወት አለ። ልቡ በደስታ ዘለለ፤ በዚያች ደቂቃ ደስ ማለቱን ኋላ ሲያስበው ያፍርበታል።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ኦፕሬተሯ ደረጃውን ተከትላው ወጣች። ሰርቨሩ አድራሻ ማደል ሳያቆም እንዳልቀረ ነገረችውና «ዲስኩን ቢያዩት ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለች።

«ዲስኩ ምን አደረገሽ?» አላትና በሩን ዘጋባት።

ከዚያም ተቀምጦ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ጻፈ። ሆን ብላም ይሁን ባለማወቅ የድርጅቱን ኔትወርክ ስለጎዳች ዓርብን መጠበቅ አያስፈልግም የሚል ነው። ለሥራ አስኪያጁ ሰጥቶ ሲመለስ ማስረጃውን ለማያያዝ የሰላዩን ጽሑፍ ሊያወጣ ሞከረ። ማሽኑ እንቢ አለው፤ የምጽፍበት ቦታ የለኝም አለ። የዲስኩን ክፍሎች ጠየቀ። የመዝገቡ ክፍል መቶ በመቶ። ክፍሉን የሞላውን ፋይል ፈለገ፤ ከላይ እስከ ታች ያጣበበው አንድ ፋይል ነው፣ ስሙንም ያወጣለት ራሱ ነው።

እጁን ከመጻፊያ ቁልፎቹ ላይ አነሳ።

ሰርቨሩ አድራሻ ከመስጠቱ በፊት ለማን ምን እንደሚሰጥ በዚያው ክፍል መጻፍ አለበት። መጻፍ ካልቻለ አይሰጥም። ያልጠፉት መስኮቶች በትናንቱ አድራሻ እየሠሩ ነው፤ ጠፍቶ የበራ ግን አዲስ ይጠይቃል፣ ይከለከላል። ሴትየዋ ያጠፋችው ነገር ቢኖር አቧራ መጥረጓ ነው። ሰላዩ ወር ሙሉ ሲጽፍ ሲጽፍ ክፍሉን ሞልቶት ነበር።

ፋይሉን ወደ ሰፊው ክፍል አዛወረው፤ አድራሻ የሚያድለውን ፕሮግራም መልሶ አስነሣ። ከታች «መጣ! መጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አሁን ፋይሉን አጥፍቶ «በራሱ ተስተካከለ» ቢል የሚጠይቀው የለም፤ በዚህ ሙያ ይህን ያህል የሚታመን ውሸት አይገኝም። ጣቱም ማጥፊያው ላይ ነበር። ግን ያቺ የድሮዋ ደብዳቤ ትዝ አለችው፤ በታገደ ጊዜ ሚስቱ ለጎረቤት «ፈቃድ ወጥቶ ነው» ስትል የሰማበት ቀን ትዝ አለው። ተነሥቶ ወረደ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሲገባ የኦፕሬተሯ መታወቂያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እሷ አጠገቡ ቆማለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ። አላለቀሰችም።

«ደብዳቤውን ይመልሱልኝ» አለ ቆይ እስቲ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

አንድም ሳያስቀር ሁሉንም ተናገረ፤ ሰላዩን፣ ክፍሉን፣ አቧራውን። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደና ቅርጫት ውስጥ ጣለው። መታወቂያውን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ ዓርብን መጠበቅ እንደማያስፈልጋት ነገራት። እሷ ግን መታወቂያውን አላነሣችም።

«የጻፍኩትን ሁሉ አንብበውታል?»

«አንድ መስመር አላነበብኩም፤ መጻፉ ብቻ ይበቃኝ ነበር።»

«ቢያነቡት ይሻል ነበር። ክፍሉ ዘጠና አምስት በመቶ ሲደርስ እንዳየሁ እዚያው ላይ ያገኙት ነበር። ያን ጊዜ ሰባ ስልዎት ፊትዎ ስለተለዋወጠ፣ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ይቅርታ አለ። እሷም እሺ ሳትል መታወቂያዋን አንሥታ አንገቷ ላይ አጠለቀች።

ከሰዓት በኋላ በዚያች ጠባብ ክፍል ሰላዩን ከነጽሑፉ በፊቷ አጠፋው። ቀጥሎም ከሱ ጋር እኩል የሆነ ሥልጣን ሰጣትና ከወንበሩ ተነሣላት። ማሽኑ አዲስ የይለፍ ቃል እንድታስገባ ጠየቃት። ጣቶቿን አስተካክላ ከቆየች በኋላ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ዞር ይበሉልኝ።»

በሃያ አራት ዓመት ውስጥ በዚህ ክፍል ለማንም ፊቱን አዙሮ አያውቅም። ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ቁልፎቹ ሲንኳኩ ሳያዘው ጆሮው መቁጠር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስት ላይ ራሱን ገታ። ከዚያ ቁልፎቹን እንዳይሰማ፣ ሴትየዋ እስክትጨርስ ድረስ ጮክ ብሎ እያሳለ ቆመ።