ከደጅ ሆኜ የፈረድኩበት ቤት

ሰሞኑን የመዝገብ ቤታችን ጣራ አፈሰሰና ገባ ስል ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የሌሊት ወፍ ኩስና እርጥብ አፈር። ምሳዬን ሊያስወጣኝ ነበር ብልህ ውሸት ነው፤ እኔ አንዴ የበላሁት በፖሊስም አይወጣ። ግን ወደ ወጣትነቴ ይዞኝ ሄደ።

ያኔ ዘመሮ አካባቢ የወረዳ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ ሰው ትቷቸው የሄደ የድንጋይ ቤቶችን እየዞሩ ፎቶ ማንሳት፣ መለካትና ፎርም መሙላት ነው። ፎርሙ መጨረሻ ላይ «ይጠበቅ» እና «ይፍረስ» የሚል አለ፤ አንዱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። የፈረሰው ቤት ድንጋይ ለቀበሌው መጋዘን ማሠሪያ ይውላል። አስበው እንግዲህ፣ የራሱን አልጋ የማያነጥፍ ሰው በሰው ቤት ላይ ሲፈርድ!

አንድ ቀን ሜትር ከምትይዝልኝ ባልደረባዬ ጋር ጓሳ የሚባለው የወል ሣር ምድር ጥግ ያለ ባለ ፎቅ የሣር ክዳን ቤት ደረስን። ባለቤቱ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ዓመታት አልተመለሰም ተባልን። በሩን ስገፋው የሌሊት ወፍ ኩስና የእርጥብ አፈር ግማት እንደ ሰው ተቀበለኝ። ታች በግ ሲያድርበት የኖረ ነው፤ የበጉ ፍግ፣ በጠጡ፣ ከደጅ በሚገባ ጎርፍ ላቁጦ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ጥግ ላይ የሞተች ድመት ጥርሷን አግጥጣለች። ግድግዳው ላይ ጥቁር ነገር ይንጠባጠባል። ቁልቁል ሳይ ነጭ ካልሲዬ ጤፍ የተነፋበት መስሏል፤ ለካ ቁንጫ ነው። እኔ ራሴ ከበግ በላይ ተኝቼ ያደግሁ ሰው፣ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ገብቼ የሚኒስትር አፍንጫ አብቅዬ ተመልሻለሁ።

«ቆጡንስ? መሰላሉ ደህና ነው፣ ልውጣ?» አለች ባልደረባዬ።

«ምን ልታገኚ? ሌላ ድመት? ነይ ውጪ!»

አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ ከበሩ ላይ አንድ ፎቶ አነሳሁ። «ይፍረስ» አልኩ። ፎርሙ ቦታ ስለተረፈው «አጸያፊ» ብዬም ጨመርኩበት።

ከሁለት ወር በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ የሚፈርሱትን ቤቶች ዝርዝር ለሕዝቡ አነበብኩ። አንድ ሽማግሌ ከመሀል ተነሱ።

«አንተ ልጅ፣ ቆላ የወረደውን የወንድሜን ቤት ያየኸው የት ሆነህ ነው?»

«በሩ ላይ ነበርኩ፣ አባባ።»

«ለቅሶም ከደጅ ነው የምትደርሰው?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳፍር መሳቅ ልማዴ ነው።

እጄን ይዘው ወሰዱኝ። በዚያ ግማት መሀል አልፈን መሰላሉን ወጣን። ላይ ሌላ ዓለም ነው። ወለሉ ተለቅልቋል። የጠፍር አልጋ ተዘርግቷል፤ ላዩ ላይ የበግ ጠጉር ባና ታጥፎ ተቀምጧል። ምድጃው ውስጥ አመዱ ገና ትኩስ ነው፤ የኩበት ጭስ ይሸታል።

«ጓሳ ለዓመታት ተዘግቷል፤ እስኪከፈት የክዳን ሣር አይታጨድም» አሉኝ። «ጭስ ያጣ ክዳን ደግሞ ይበሰብሳል። ወንድሜ መጥቶ የሚገባበት እንዳያጣ በየሳምንቱ አጨስበታለሁ።»

«ታችኛውንስ ለምን አልጠረጉትም?»

«ጉልበቴ ለአንድ ፎቅ ነው የሚበቃው። ወንድሜ ደግሞ የሚተኛው ላይ ነው።»

ያን ቀን ከድመቷም ከቁንጫውም ይልቅ የቀፈፈኝ የራሴ ነገር ነው። እስካሁንም ሳስበው ምራቄ ይመርራል። በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ሮጬ ገባሁ፤ ፎርሙ ይመለስልኝ፣ ተሳስቻለሁ አልኩ።

«ተፈርሞ ሄዷል» አለኝ። «ደግሞስ አጸያፊ ያልከው አንተ አይደለህ?»

ማፍረስ በተጀመረበት ቀን ሄድኩ። ክዳኑ ሲወርድ የሌሊት ወፎቹ በቀን ብርሃን እየተጋጩ ወጡ። አልጋውን ከሽማግሌው ጋር ተሸክመን ቁልቁል ወረድን። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ በጠጥ ሆኖ ነበር። ቤታቸው ስንደርስ ደጁ ላይ ቆምኩ።

«ግባ እንጂ» አሉኝ። «የኔም ይሸታል። ግን ግባ።»

ገባሁ። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። የወንድማቸውን አልጋ በዚህ ብንል በዚያ ብንል አልበቃ አለን። ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና፣ «በል ያዝ» አሉኝ፤ የራሳቸውን አልጋ ወደ ደጅ አወጣነው።