ተረከዝና የጠዋት ቆጠራ

ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። በሩ ሲከፈት ላብ፣ የረጠበ ሲሚንቶና የከረመ ወጥ ተደባልቆ ተቀበለኝ። ሰዎቹን ዓይኔ የለያቸው ከዚያ በኋላ ነው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ውጭም አይምርም፤ እዚያ ውስጥ ግን ግድግዳው ራሱ ያልበው ነበር። የታሰርኩት በስብሰባ ላይ በተናገርኩት ቀልድ ነው። ቀልዱ ያን ያህል አያስቅም ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦው፣ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሥራ?» አለ።

«ጡረታ የወጣሁ የስፖርት አስተማሪ።»

ሆዴን ተመለከተ። «ስፖርቱ ካንተ ቀድሞ ነው ጡረታ የወጣው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እውነት ነዋ።

መኝታዬ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ሆነ። ሼኽዬ እንላቸው ነበር፤ ሼኽ ሳይሆኑ ከይፋት ቆላ የመጡ የማሾ ገበሬ ናቸው። መንገደኞችን ውሃ አጠጥተዋል ተብለው ነው የተያዙት። «የጠማውን ማን ነህ ብዬ አልጠየቅሁ» ይላሉ። ስለ ጉዳያቸው ከዚህ ሌላ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ጠዋት ጠዋት ለቆጠራ ወደ ግቢው በሩጫ እንወጣለን። ሼኽዬ ግን ከተኙበት ሲነሱ ተረከዛቸውን ማስረገጥ አይችሉም። ምስማር የወጋቸው ይመስል በጣታቸው እየቆሙ፣ ግድግዳ ይዘው ይመጣሉ። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ይለቃቸዋል፤ ቆጠራው ግን ያቺን ጥቂት አይጠብቅም። የንጋቱን ሰላት፣ ሱብሒን እንኳ ቁጭ ብለው ነበር የሚሰግዱት፤ ያፍሩበታል። እስረኛው ሁሉ «ብርድ ነው» ብሎ ፈረደና በጨርቅ ጠቀለላቸው። በሸዋ ሮቢት ብርድ!

አንድ የጥየቃ ቀን ለቆጠራው መጨረሻ ደረሱ። ለቆጠራ የዘገየ ጠያቂውን አያይም፤ ሕጉ ይኸ ነው። የዚያን ቀን የመጣችው ባለቤታቸው ነበረች። ታማ ከርማ፣ ከቆላው እስከ መኪና መንገዱ በእግሯ ወጥታ ነው የመጣችው። ስንቁ ገባ፤ እሷ ከበሩ ተመለሰች። ሼኽዬ የማሽላውን ቂጣ ለክፍሉ አካፈሉና የራሳቸውን ድርሻ ሳይቀምሱ ዋሉ።

በማግስቱ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዕድሜ ልኬን «አንድ፣ ሁለት» ከማለት ሌላ ሙያ የለኝም፤ ይቺን ግን አውቃት ነበር።

«ብርድ አይደለም ሼኽዬ። ከተረከዝዎ እስከ ጣትዎ ድረስ የተወጠረ ጅማት አለ፤ የቆሰለው እሱ ነው። ሌሊት ይኮማተራል፤ ጠዋት ድንገት ሲቆሙበት ይሳባል። በጣትዎ ሲራመዱ ደግሞ ባትዎን ያሳጥሩታል። ሳይነሱ በፊት ነው መሳብ።»

«በምን?»

«በሽርጥዎ። ጣቶችዎ ላይ ይጠምጥሙት፤ ጉልበትዎን ሳያጥፉ ወደ ራስዎ ይሳቡ።»

ሞከሩና ወዲያው ተዉት። እግራቸውን የሚዘረጉበት አጡ። በአንድ በኩል ቂብላ፣ ዞረው የሚሰግዱበት አቅጣጫ ነው። በሌላው በኩል ሰው ነው፤ ሰው ፊት እግር መዘርጋት ደግሞ በእሳቸው አገር ስድብ ነው።

«አንት መምህር፣ ልታሰድበኝ ነው?»

ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። «ወደ እኔ ይዘርጉ። ይኸ ሆድ ምን ሰው ነው፤ ግድግዳ ነው።»

ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፍነው ዘረጉ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሥራችን ይኸው ሆነ። በሽርጡ ይስባሉ፤ ግድግዳ ተደግፈው አንዱን እግር ወደ ኋላ እያስቀሩ ባታቸውን ያፍታታሉ፤ ቀን ላይ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በውስጥ እግራቸው ያንከባልላሉ። በባዶ እግር ሲሚንቶ እንዳይረግጡ ሸበጣቸው ላይ የታጠፈ ጨርቅ አደረግንበት። ሙሉ በሙሉ አልዳኑም። ግን ረገበላቸው።

የሚቀጥለው ጥየቃ ሲደርስ ከሰልፉ መሀል ገቡ። ጢማቸውን በውሃ አርሰው አበጥረው ነበር። ስማቸው ሲጠራ «ዛሬስ ቁሜ ነው የማያት» ብለውኝ ወጡ።

ቶሎ ተመለሱ። የመጣው ወንድማቸው ነበር። ባለቤታቸው ከዚያ መንገድ ስትመለስ እንደተኛች አልተነሳችም፤ ተቀብራለች።

ያን ቀን ከተቀመጡበት አልተንቀሳቀሱም። ክርስቲያኑም እስላሙም ዙሪያቸውን ተቀመጥን። 

ሲነጋ ሱብሒን ከሰገዱ በኋላ ሽርጣቸውን አነሱ። «ጀናዛዋ ላይ አልነበርኩም። ባለሁበት ልስገድላት» አሉ።

አንድ እስላም እስረኛ «ቁጭ ብለው ይስገዱ አባቴ። ችግርዎን አላህ ያውቃል» አላቸው።

«የጀናዛ ሰላት ሩኩዕ ብሎ ማጎንበስ የለው፣ ሱጁድ ብሎ መደፋት የለው። ተቁሞ ነው።» ሽርጡን የእግር ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ። «እሷ ታማ በእግሯ እስከ በሩ መጣች። እኔ ተቀምጬ አልሸኛትም» አሉ።

እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። አብዝተው ሳቡት። ከዚያ ትከሻዬን ሳይዙ ተነሱ። ሁለቱም ተረከዛቸው ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። እስላሞቹ ከኋላቸው ተሰለፉ። «አላሁ አክበር» ሲሉ የቆጠራው ፊሽካ ተነፋ።

ማንም አልወጣም። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ «ምንድነው?» አለ።

«ለቅሶ ነው» አለ ካቦው።

ፖሊሱ ቆመ። ሰላቱን ጨርሰው እስኪያሰላምቱ ጠበቀና ከደጃፉ ላይ በጣቱ ቆጠረን። «የሚመጣው ጥየቃ ለዚህ ክፍል የለም» ብሎ ዘጋው። ዘመዱ ከሩቅ የሚመጣለት ብዙ ነበር። አንድም ሰው አላጉረመረመም።

ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱኝ፤ ሼኽዬን ዳግመኛ አላየኋቸውም። ከተፈታሁ በኋላ ከቆላ ማሾ ይዘው ገበያ የሚወጡትን ጠይቄ ነበር። አንዱ ተፈተዋል ይለኛል፤ ሌላው አላየንም ይለኛል።

አሁን የተረከዙ ሕመም እኔንም ይዞኛል። ሐኪሙ ክብደት ቀንስ አለኝ፤ ካቦው በነጻ ነግሮኝ ነበር። ጠዋት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በፎጣ እግሬን ስስብ ባለቤቴ ከጓዳ ትጣራለች።

«አንተ ሰውዬ፣ አትመጣም? ቁርሱ ቀዘቀዘ!»

ከአልጋዬ እስከ እሷ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነው። የመጀመሪያዋ እርምጃ ታመኛለች። «አምጪልኝ» ብላት ታመጣልኛለች፤ ደግ ናት። አልላትም። ተረከዜን አስረግጬ፣ ቀስ ብዬ፣ ወዳለችበት እሄዳለሁ።